የኩፍኝ ለፋፊ

አቻምየለህ ግድግዳ ለሳኝ ነበር፤ ሰው የሚያውቀው ግን በልስኑ ሳይሆን በድምፁ ነው። የሶማሌላንዷ ሐርጌሳ የጦርነቱን ፍርስራሽ ከላይዋ አራግፋ፣ የተዘረፈ ጣራዋን በአዲስ ቆርቆሮ እየመለሰች፣ ግድግዳዋን እያስለሰነች በነበረችበት በዚያ ዘመን፣ ከጎጃም ቡሬ ተነሥቶ በጅግጅጋ በኩል የመጣው ይህ ሰው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ «ሲሚንቶ» ያለ እንደሆነ፣ የራሱ ረዳቶች ብቻ ሳይሆኑ ሁለት ሰፈር አልፈው በሌላ ሕንፃ ላይ የሚሠሩትም ባልዲያቸውን ይዘው ይነሡ ነበር ይባላል። እንዲህ የሚለው እንኳ እሱ ራሱ ነው።

የሚኖረው አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ፣ አዛውንቱ ኤልሚ ለሐበሾች በሚያከራዩት ባለ አምስት ክፍል ግቢ ነው። ኤልሚ በጉብዝናቸው ዘመን እስከ ድሬዳዋ ከብት ይነዱ ስለነበር አማርኛ ይሞክራሉ፤ ተከራዮቹም «አደር ኤልሚ» ይሏቸዋል፣ አጎቴ እንደማለት ነው። ከአቻምየለህ ክፍል ቀጥሎ የምትኖረው የሺሃረግ ናት። ባሏ ኢዩ በርበራ ወደብ ላይ ስለሚሠራ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው፤ እሷ የሰባት ወር ልጇን ጸደንያን አዝላ 26 ጁን ሰፈር አንድ ቤት ምግብ ታበስላለች። የሺሃረግ የሰማችውን አትረሳም። አቻምየለህ ደግሞ በሰማው ላይ ይጨምራል። ስለዚህ ጥሩ ጎረቤቶች ነበሩ፤ እሱ ያወራል፣ እሷ ታርማለች።

በዚያ ዓመት በጋው ሲበረታ ከተማዋ ውስጥ ኩፍኝ ገባ። መጀመሪያ 31 ሜይ ሰፈር ሁለት ልጆች ታመሙ ተባለ፤ ሳምንት ሳይሞላ ወሬው በየመንደሩ ሆነ። የጤና ሠራተኞች በመኪና እየዞሩ ልጆችን ይከትቡ ጀመር። የአገሩ ሰው ልጁን እያቀፈ ወጣ። የሐበሾቹ ግቢዎች ግን መኪናዋ ስትመጣ በራቸው ይዘጋል። የውጭ ሰው ሊመዘግቡ ነው የመጡት የሚል ወሬ ቀድሞ ገብቶ ነበርና፣ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በጓሮ በኩል ይሰወራሉ።

የዘመቻው ነርስ ዳሀቦ ትባላለች። በስደቱ ዘመን ድሬዳዋ ስለኖረች አማርኛ ታውቃለች፤ የገበያ አማርኛ ነው፣ ግን ፈጣን ነው። እናም እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ ብላ ድምፅ ማጉያውን አነሣችና በአንድ ሰፈር መካከል ቆማ እንዲህ አለች፦ «የአማርኛ ሰዎች ስሙ። ነገ ጠዋት ልጆቻችሁን አምጡ፣ እንወጋቸዋለን። ያላመጣ ካለ ቤቱ ድረስ መጥተን እንወጋለን።»

መርፌ የምትለውን ቃል ረስታዋለች። በማግስቱ በሁለት ግቢ ውስጥ ከአንዲት ድመት በቀር የተገኘ ነፍስ አልነበረም።

ዳሀቦ ከዚህ በኋላ አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው ፍለጋ ወጣች። ብዙም አልደከመችም፤ ከመኪናዋ ሳትወርድ ሰማችው። ሕንፃው ሥር ቆማ አንጋጠጠች።

«የምትጮኸው አንተ ነህ?»

«እየጮህኩ አይደለም፣ እያወራሁ ነው» አለ አቻምየለህ ከላይ።

«ውረድ እስቲ። ሥራ አለኝ።»

ነገሩን ስትነግረው መጀመሪያ አልጣመውም። አንድ ሳምንት ሙሉ ልስን ትቶ ስለ ሕፃናት በሽታ ሊለፈልፍ ነው። ነገር ግን ከሾፌሩ ጎን፣ ከፊት ወንበር ተቀምጦ፣ ድምፅ ማጉያ ይዞ በከተማው መዞር መሆኑን ሲሰማ ልቡ ሸፈተ። በአራት ዓመት የሐርጌሳ ኑሮው መኪና ላይ ከፊት ተቀምጦ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከአሸዋው ጋር ነበር።

«እሺ፣ ለሕዝብ ጥቅም ከሆነ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ።

«ጥሩ። ኩፍኝ ይዞህ ያውቃል?» አለችው ዳሀቦ። «ከታመሙ ልጆች ጋር ስለምንውል፣ ያልያዘው ሠራተኛ መጀመሪያ ራሱ ይከተባል።» ይህን እያለች በረዶ ያዘለውን ሰማያዊ ሣጥን ከፈተች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። አቻምየለህ ከፍታ አይፈራም። ጅብ አይፈራም። ፖሊስም ቢሆን በመጠኑ ነው የሚፈራው። መርፌ ሲያይ ግን እግሬ አውጪኝ ይላል። ተማሪ ሳለ ሐኪሞች ትምህርት ቤታቸው መጥተው በመስኮት ዘሎ ሲያመልጥ አንድ እግር ጫማውን እዚያው ትቷል፤ ጫማውን ለመውሰድም ሳይመለስ ቀርቷል።

«ሦስት ጊዜ ይዞኛል» አለ።

«ኩፍኝ አንዴ የያዘውን ሰው ደግሞ አይዘውም።»

«እንግዲያው አንድ ጊዜ ነው። ግን የሦስት ጊዜ ያህል ነው የያዘኝ።»

ዳሀቦ አየችው። ሣጥኑን ቀስ ብላ ከደነችው። ያን ቀን ሌላ አርባ ልጅ ይጠብቃት ስለነበር አልተከራከረችውም።

እውነቱ ግን ኩፍኝ የያዘው ወንድሙን ነው። አቻምየለህን የዚያን ጊዜ አክስቱ ዘንድ ልከውት፣ ወንድሙ እስኪድን ድረስ በግ ሲጠብቅና ቆሎ ሲቆረጥም ከርሟል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ የወንድሙን በሽታ የራሱ አድርጎ መኪና ላይ ወጣ።

ሥራውን ሊያማው የሚችል ሰው ግን አልነበረም። ዳሀቦ በወረቀት ጽፋ የሰጠችውን በአንድ ማለዳ በቃሉ ያዘው፤ ከሰዓት በኋላ የራሱን ጨመረበት። መኪናዋ ሰፈር ስትገባ መስኮቱን ዝቅ ያደርግና ይጀምራል።

«እናቶች ሆይ፣ ይህ ምዝገባ አይደለም። መታወቂያ የሚጠይቃችሁ የለም፤ እኔም እኮ የለኝም። የመጣነው ስለ ኩፍኝ ነው። ኩፍኝ በትንፋሽ የሚሄድ በሽታ ነው። የታመመ ሰው ካሳለበት ክፍል ወጥቶ ቢሄድ እንኳ፣ በሽታው እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ አየሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። መጀመሪያ ትኩሳት ነው። ከዚያ ሳል፣ ከዚያ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ከዚያ ዓይን መቅላት። ጉንፋን ነው ብላችሁ ስትዘናጉ፣ ከጆሮ ኋላ ሽፍታ ብቅ ይልና በፊት፣ በአንገት፣ በሆድ አድርጎ እስከ እግር ይወርዳል። የሳንባ ምች ያስከትላል። የልጅ ዓይን ያጠፋል። መከላከያው አንዲት መርፌ ናት። ጉንዳን ከቆነጠጠው አትበልጥም።»

የጉንዳኗ ነገር የራሱ ፈጠራ ናት። እንዴት እንዳወቀ የጠየቀው አልነበረም።

በሮች ተከፈቱ። አንዲት እናት ልጇን እንደያዘች ከደጇ ሳትርቅ፣ «በእኛ አገር ኩፍኝ መርፌ አይወድም ይባላል» አለችው።

«ስለማይወድማ ነው የምንወጋው» አለ አቻምየለህ።

ሴትዮዋ ትንሽ አሰበችና ልጇን ይዛ ወጣች። ዳሀቦ በዚህ መልስ እስከ ማታ ስትስቅ ዋለች።

ሦስተኛው ቀን ላይ 31 ሜይ ሰፈር ገቡ። በአንድ ቤት የአራት ዓመት ልጅ ተኝቷል፣ ሽፍታው ፊቱን ሸፍኖታል። ዳሀቦ ዓይኑን የሚጠብቅለትን የቫይታሚን ጠብታ አፉ ውስጥ እየጨመቀችለት፣ «አንተ ከበሩ አትለፍ» አለችው። አቻምየለህ ግን አንድ ለፋፊ የሚለፍፍበትን ነገር በዓይኑ ማየት አለበት የሚል አስተሳሰብ ይዞ ነበር። ገባ። ጎንበስ ብሎ ከልጁ ጆሮ ኋላ ተመለከተ። አፉንም በመገረም ከፈተ። ልጁ በዚያው ቅጽበት አሳለበት።

«እግዜር ይማርህ» አለው አቻምየለህ፣ ፊቱን በእጅጌው እየጠረገ።

ዘመቻው በስድስተኛው ቀን አበቃ። የቀሩ ልጆች ስለነበሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ዙር ይኖራል ተባለ፤ ድምፅ ማጉያውም እስከዚያ እሱው ዘንድ ይቀመጥ ተብሎ አልጋው ሥር ገባ። ሰውየው ግን ተለውጦ ነበር። አረማመዱ ሳይቀር ተለውጧል። ግቢው ውስጥ አንድ ሰው ካስነጠሰ ጠጋ ብሎ ከጆሮው ኋላ ያያል። የሺሃረግ ልብስ ስታሰጣ አጠገቧ ቆሞ ሙሉውን ስብከት ከ«እናቶች ሆይ» እስከ ጉንዳኗ ያወርድባታል።

«አቻሜ፣ ሰምቼዋለሁ እኮ። በመኪናም ሰምቼዋለሁ፣ በግድግዳም ሰምቼዋለሁ» ትለዋለች።

«መድገም የዕውቀት እናት ነው።»

«ልጄን ከዘጠኝ ወር በታች ናት ብላችሁ ሳትከትቡ መለሳችኋት አይደል? ታዲያ ምን ላድርግ ነው የምትለኝ?»

«ከሚያስል ሰው አርቂያት» አለ አቻምየለህ።

በማግስቱ ገቢሌ ከተማ የአንድ መጋዘን ልስን አግኝቶ ሄደ። እዚያ በአራተኛው ቀን ሰውነቱ ይተኩስ ጀመር። ፀሐይ ነው አለ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሥራውን ጨርሶ፣ አደን በሚባል ሾፌር መኪና ተጭኖ ሐርጌሳ ሲገባ ዓይኑ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። ጸደንያ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስታየው እጆቿን ዘረጋችለት። አነሣት። ወደ ላይ ወረወራት፣ ቀለባት፤ ጉንጭዋን ሁለቴ ሳማት፤ ከዚያም ፊቱን አዙሮ አሳለ።

«ዓይንህ ምን ሆነ?» አለች የሺሃረግ።

«ሲሚንቶ ገብቶበት ነው።»

ረቡዕ ደግሞ ከክፍሉ ሲወጣ ፀሐይዋን መቋቋም አቅቶት እጁን ግንባሩ ላይ ጋረደ። አፍንጫው ይወርዳል። የሺሃረግ ከሥራ ስትመለስ ግድግዳ ተደግፎ አገኘችው።

«አፍንጫህስ?»

«የገቢሌ አቧራ።»

«ሳሉስ?»

«አደን በመኪናው ውስጥ ሲያጨስ ነው የመጣው። ምን ላድርግ፣ ልውረድ?»

«ትኩሳት አለህ?»

«አዬ የሺ፣ አንቺ ደግሞ። ሰው ሆኖ ትኩሳት የሌለው አለ?»

የሺሃረግ ጸደንያን ከጀርባዋ ወደ ደረቷ አዙራ አቀፈቻት። የሆነ ነገር በአእምሮዋ መመላለስ ጀምሯል፤ ገና ቅርጽ ግን አልያዘም። ራት ስታበስል ያዘ። ትኩሳት፣ ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ዓይን መቅላት፤ ቅደም ተከተሉን የምታውቀው በድምፁ ነው። ሰውየው ግን በልጅነቴ ወጥቶልኛል፣ ያውም የሦስት ጊዜ ያህል ብሎ ምሎላት ነበር። ደግሞስ ለፋፊው እንዴት ይታመማል? ሐሳቡን ተወችው።

ሐሙስ ጠዋት አቻምየለህ ከክፍሉ ሲወጣ ግን ሐሳቧን የሚያስተዋት ነገር አልነበረም። ግንባሩ ከፀጉሩ ሥር ጀምሮ በቀያይ ነጠብጣብ ተሞልቷል።

«ና ወደዚህ» አለችው። ጸደንያን ክፍሏ ውስጥ አስቀምጣ በሩን ዘግታ መስታወት ይዛ ወጣች። «ጆሮህን ወደፊት እጠፍ።»

«የሲሚንቶ ማሳከክ ነው እኮ።»

«እጠፍ ስልህ።»

አጠፈ። የሺሃረግ አየች። ከዚያም እሱ በስድስት ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደደጋገመው የማይታወቀውን ነገር፣ በራሱ ዜማ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አወረደችለት። «ጉንፋን ነው ብላችሁ ስትዘናጉ ከጆሮ ኋላ ሽፍታ ብቅ ይላል።»

«ይሄ እንኳ ሌላ ነው። እኔ በልጅነቴ ወጥቶልኛል።»

«መቼ?»

«በልጅነቴ አልኩሽ እኮ።»

«ስንት ዓመትህ ነበር? ማን አስታመመህ? ፊትህ ላይ ነው መጀመሪያ የወጣው ወይስ ሆድህ ላይ? ንገረኛ፤ የሦስት ጊዜ ያህል ነው አይደል የያዘህ?»

አቻምየለህ ዝም አለ። ግቢው ውስጥ የእሱን ዝምታ የሰማ ሰው ስላልነበረ፣ አዛውንቱ ኤልሚ ሳይቀሩ ምን ሆነ ብለው ከክፍላቸው ብቅ አሉ።

«ወንድሜን ነው የያዘው» አለ በመጨረሻ። «እኔ አክስቴ ቤት ነበርኩ።»

የሺሃረግ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ቁጣው ግን ሳይወጣ ፊቷ ላይ ሌላ ነገር መጣ። የተዘጋውን በር አየች። እሱም እሷ ያየችውን አየ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ ላይ የወረወራት፣ የሳማት፣ አጠገቧ ያሳለባት ልጅ ከዚያ በር ኋላ ናት። ስለ ራሱ ሲዋሽ የከረመው ሰው ስለ እሷ ለመዋሸት አንድም ቃል አላገኘም። 

«በመኪና ላይ ስለ ትንንሾቹ ምን ትል ነበር?» አለች የሺሃረግ። 

«ቶሎ ከተደረሰ...» አለና ቆመ። ይህን እሱ አልለፈፈውም፤ ዳሀቦ ግን አንድ ቀን መኪናው ውስጥ ስትናገር ሰምቷታል። ከተጋለጡ በሦስት ቀን ውስጥ ከደረሱ ክትባቱ በሽታውን ሊቀድመው ይችላል ብላ ነበር። በጣቱ ቆጠረ። ከማክሰኞ ወደ ረቡዕ፣ ከረቡዕ ወደ ሐሙስ። ሁለት ቀንም አልሞላም።

ሮጦ ዳሀቦን ሊጠራት ወደ ውጭው በር ተነሣ። ግን በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። መንገዱ ላይ ሻይ የሚጠጡ ሰዎች፣ ልጅ ያዘሉ ሴቶች አሉ። ይህን ፊትና ይህን ሳል ይዞ በመካከላቸው ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ ከከተማው ሰው ሁሉ አብልጦ የሚያውቀው እሱ ነው። ወደ ክፍሉ ተመለሰ፣ በሩን ዘጋ፣ አልጋው ሥር ገብቶ ድምፅ ማጉያውን አወጣ። በመንገዱ በኩል ባለችው ትንሽ መስኮት አፉን አስጠጋና ለፈፈ።

«የአሕመድ ዳጋህ ሰዎች ስሙ። እኔ አቻምየለህ ነኝ፣ ለሳኙ። ኩፍኝ ይዞኛል። ወጥቶልኛል ያልኩት ውሸት ነው፣ የወጣለት ወንድሜ ነው። ወደዚህ ግቢ ልጅ ይዞ የሚገባ አይኑር። እግር ያለው ሰው ሄዶ ነርሷን ዳሀቦን ይጥራልኝ። የሰባት ወር ልጅ አለች በሏት።» ከዚያ ያለችውን ሶማልኛ ሁሉ አሰባሰበ፦ «ዳሀቦ፣ ዳሀቦ። ጀዴዖ። አኒጋ። ጀዴዖ።» ኩፍኝ፣ እኔ፣ ኩፍኝ ማለቱ ነው።

ድምፁ ያለ ማጉያም ሁለት ሰፈር ያልፍ የነበረ ሰው ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ብርጭቆ በሰው እጅ ላይ ቀረ። አንድ አህያ አመለጠ። ጥግ ላይ ጨርቃጨርቅ የሚሸጠው ናስር ሱቁን ለጎረቤቱ ጥሎ በሞተር ሳይክሉ ወደ ጤና ጣቢያው በረረ።

ኤልሚ በመስኮቱ በኩል መጡ። ከመስኮቱ ሦስት እርምጃ ራቅ ብለው በዱላቸው መሬቱን መታ አደረጉ።

«ዋርያ አቻም። ሱብሃነላህ። ሰው በሽታውን ይደብቃል፤ አንተ ቤቴን ለከተማው በሙሉ ታማለህ?»

«ይቅር ይበሉኝ አደር ኤልሚ። ቸኮልኩ።»

«ማን ነው ከእንግዲህ የሚከራየኝ?»

«ኩፍኝ ይዟቸው የሚያውቁ ሰዎች ይከራዩዎታል» አለ አቻምየለህ፤ እያላገጠ አልነበረም፣ ከልቡ አስቦበት ነው።

ዳሀቦ ሰማያዊ ሣጥኗን ይዛ ስትደርስ በቀጥታ ወደ የሺሃረግ ክፍል ነው የገባችው። ጸደንያን አየቻት፣ ትኩሳቷን ለካች፣ ቀኑን ጠየቀች። ደኅና ናት። «ሌላ ጊዜ ቢሆን ዘጠኝ ወር እስኪሞላት እንጠብቅ ነበር» አለች። «ወረርሽኝ ሲኖርና በሽተኛ አጠገቧ ሲገኝ ግን ከስድስት ወር ጀምሮ እንሰጣለን። ሰባት ወሯ ነው፣ ይሆናል። ይሄ ግን ተጨማሪ ነው፤ ዘጠኝ ወር ሲሞላት ደግሞ ታመጫታለሽ፣ ከዚያም ሌላ አለ። እሺ?» መርፌውን ሰጠቻት። ጸደንያ እሪ አለች። የሺሃረግ አብራት አለቀሰች። አቻምየለህ በግድግዳው ውስጥ ሁለቱንም ሰማ፤ አልጋው ላይ ተቀምጦ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ፤ የሽፍታው ጆሮ ስለሆነ አቃጠለው።

ከዚያ ዳሀቦ ወደ እሱ መጣች። አፉን አስከፍታ በባትሪ አየች፣ ጆሮውን አጥፋ አየች፣ ደረቱን አዳመጠች።

«ሦስት ጊዜ» አለችው።

«ሲስተር፣ አሁን ውጊኝ። ሁለት ውጊኝ። አልንቀሳቀስም» አለ፤ ክንዱን አውጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አሁን ላንተ አይሠራም። በሽታው ገብቶ ቤት ሠርቷል። በቫይረሱ ላይ የሚሠራ መድኃኒት የለም፤ የትኩሳት ክኒን እሰጥሃለሁ፣ ውሃ በብዛት ጠጣ፣ ጨለም ባለ ክፍል ተኛ። ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ትኩሳቱ ከተመለሰብህ አስጠራኝ። ሽፍታው ከወጣበት ቀን ጀምሮ አራት ቀን እስኪያልፍ ከዚህ በር አትወጣም። አሁን ደግሞ ማን አጠገብህ እንደነበር ንገረኝ። ከገቢሌ በምን መጣህ?»

«በአደን መኪና።»

«ማን ነበር አጠገብህ?»

«በቀኝ በኩል አንድ ሽማግሌ። በግራ በኩል ፍየል።»

«ፍየሏን ተዋት። ልጅ የያዘ ነበር?»

«ከኋላ አንዲት ሴት ነበረች፣ ሁለት ልጆች ይዛ። ኒምኮ ብለው ሲጠሯት ሰምቻለሁ። ሳል ሲይዘኝ ውሃ ሰጥታኛለች።» የመጨረሻውን ሲናገር ድምፁ ወረደ።

ዳሀቦ ጻፈች። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አደንን ከመኪና ተራው አግኝታ፣ በእሱ በኩል ኒምኮን አግኝታ፣ ልጆቿ በዘመቻው ጊዜ የተከተቡ መሆናቸውን ካርዳቸውን አይታ አረጋገጠች። ሽማግሌው ደግሞ ኩፍኝ ይዞኝ የነበረው እንግሊዞች ሳይወጡ ነው ብለው ሳቁባት።

ያልታሰበ ነገር የመጣው በማግስቱ ነው። ዳሀቦ ጸደንያን ልታይ ስትመለስ፣ ከግቢው ራቅ ብሎ ባለው ግራር ሥር ሰባት የሐበሻ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ቆመው አገኘቻቸው። በዘመቻው ጊዜ ጓሮ ለጓሮ ያመለጡት ናቸው። አንዷ፣ ፋሪዳ የምትባል ልብስ ሰፊ፣ «ያኔ ሲለፍፍ ለደመወዙ ነው ብለን ነበር» አለቻት። «ትናንት ግን ከፍሎ የሚያናግረው ሰው አልነበረም።» እስከ እሑድ ድረስ ከዚያች ግራር ሥር ሠላሳ አንድ ልጅ ተከተበ። አቻምየለህ በመስኮቱ ሆኖ እየቆጠረ ነበር። አንድ ጊዜ ድምፅ ማጉያውን አንሥቶ «ጉንዳን ከቆነጠጠው አትበልጥም» ሊል ጀምሮ፣ የሺሃረግ ግድግዳውን በጫማ ስትመታው አስቀመጠው።

የሺሃረግ አላናገረችውም። ምግቡን በየቀኑ ታበስልለታለች፤ እሷ በልጅነቷ በእውነት ይዟት ስለነበር መግባት አትፈራም፤ ሳህኑን አስቀምጣ እጇን ታጥባ ትወጣለች። ቃል ግን የለም። መልእክት ሲኖራት በኤልሚ በኩል ነው። እሳቸውም ከግቢው መካከል ቆመው በተሰባበረ አማርኛቸው ያስተረጉማሉ፤ ሁለቱ አንድ ቋንቋ እንደሚናገሩ ማንም አላስታወሳቸውም።

«ሾርባው ትኩስ ነው ትላለች» ይላሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ በሏት።»

«እግዜር ይስጥልኝ ይላል።»

«ሰምቻለሁ በሉት» ትላለች የሺሃረግ።

«ሰምታለች» ይላሉ ኤልሚ፣ ይህ ሥራ እየጣማቸው።

ከተከተበች በስምንተኛው ቀን ጸደንያ ትኩሳት ያዛት። የሺሃረግ ያን ቀን ሥራ አልሄደችም። አቻምየለህ ሽፍታው ከስሞ፣ ፊቱ እንደ አሮጌ ቀለም እየተላጠ፣ መውጣት ከተፈቀደለት ሦስት ቀን ሆኖት ነበር፤ እሱም ሥራ አልሄደም። ከደጁ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሴትዮዋን በር ሲያይ ዋለ። ዳሀቦ ሁለት ጊዜ መጣች፤ ከጆሮዋ ኋላ አየች፣ አፏ ውስጥ አየች፣ ክትባቱ የሚያመጣት ቀላል ትኩሳት ትመስለኛለች ብላ ሄደች። «ትመስለኛለች» የምትለው ቃል አቻምየለህን እንቅልፍ ነሳችው። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። በሦስተኛው ቀን ጸደንያ የኤልሚን ዱላ ይዛ ስታኝክ ተገኘች። ከዚያም በኋላ ሳምንት ሄደ፣ ሌላም ሳምንት ተጨመረበት፤ ሽፍታ የሚባል አልወጣባትም።

ኢዩ ከበርበራ መጥቶ ታሪኩን ከሚስቱም ከኤልሚም ሰማ። ወደ አቻምየለህ ክፍል ገብቶ ተቀመጠ። አቻምየለህም ለመጀመሪያ ጊዜ አልጨመረበትም፤ እንዳለ ነገረው። ኢዩ አዳምጦ ሲጨርስ፣ «ፈርተህ ነው የዋሸኸው፤ ፈርተህ ነው የጮኽከው» አለና ተነሣ። «ሁለተኛው ይሻላል።» በማግስቱ ወደ ሥራው ተመለሰ።

የሺሃረግ ግን ገና አልታረቀችውም ነበር። ወሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባለጋሪው ውሃ ይዞ ደጅ ቆመ። አህያው ትዕግሥት የለሽ ነው፣ ባለቤቱ ከእሱ ይብሳል። የሺሃረግ በአንድ እጇ ጀሪካን፣ በሌላው ጸደንያን ይዛ ወጣች። ሁለተኛ ጀሪካን አለባት፤ እጅ ግን የላትም። ኤልሚን ፈለገቻቸው፣ መስጊድ ሄደዋል። ወዲያ ወዲህ አየች። አቻምየለህ ከደጁ ቆሞ ጫማውን እያሰረ ነው።

ሄዳ ጸደንያን ደረቱ ላይ አስቀመጠችለት።

«ያዛት» አለች። «አትወርውራት።»

አቻምየለህ ያዛት። ጸደንያ አፍንጫውን ጨብጣ መጎተት ጀመረች። የሺሃረግ ጀሪካኖቿን አስሞልታ፣ ከባለጋሪው ጋር ስለ ጉድለቱ ተጨቃጭቃ፣ አንዱን አስገብታ ለሌላው እስክትመለስ ድረስ፣ ለሳኙ ከቆመበት ሳይነቃነቅ ጠበቃት።